አርባ አንድ ጣውላ

በልጅነቴ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጣውላ እቆጥር ነበር። የምተኛበት ክፍል ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በጣውላ የተለበጠ ነው። በስተ ቀኝ ዐሥራ ሦስት፣ በስተ ግራ ዐሥራ ሦስት፣ ከበሩ ትይዩ ዐሥራ አንድ፣ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሁለት፤ በድምሩ አርባ አንድ። በዚህ ቁጥር ዛሬም እምላለሁ።

ቤቱ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ጣልያን ሠርቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ነበር። አባቴ ሐዲስ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቤቱን ሲገዛ ከሁሉ አስበልጦ የወደደው ያን ጣውላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በጨርቅ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ክፍሉ ራስ የሚያዞር ሽታ ይኖረዋል፤ ግድግዳው ደም መስሎ ይቀላል፤ የሰው ጥላ ያሳያል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገውና፣ «እንዲህ ያለ ግድግዳ በጎንደር ከሦስት ቤት በላይ አታገኝም» ይላል። እናቴ ወለተሩፋኤል ግን አትወደውም። «ሣጥን ውስጥ የተቀመጥን ይመስለኛል» ትላለች።

በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ከበሩ ትይዩ ካሉት ከግራ አራተኛው ጣውላ ላይ ጥፋት ሠራሁ። ጣውላው የእንቁላል ያህል ጥቁር እድፍ ነበረበት። ሳየው ሁልጊዜ የበግ ፊት ይመስለኛል፤ የጎደለው ቀንድ ብቻ ነው። በምስማር ሁለት የተጠማዘዘ ቀንድ ጫርኩለት፤ ቀጥሎ ሁለት ዐይን። ሸጋ በግ ወጣው። ከዚያ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው ምስማሩ በሄደበት ሁሉ ቀዩ ተፍቆ ነጭ መስመር ወጥቷል። ደነገጥኩ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እላዩ ላይ ሰቀልኩበት። ሁለት ሳምንት ማንም አላወቀም።

ኅዳር ሲገባ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ አላምረው ከአገሩ ከድብ ባሕር በጭነት ማኪና መጣ። ከዚያ በፊት የማውቀው አጎቴ በአንድ እጁ አንሥቶ ትከሻው ላይ የሚያስቀምጠኝ ገበሬ ነበር። አሁን ከማኪናው ያወረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ግቢያችንን እስኪያቋርጥ ሳል ሦስት ጊዜ አስቆመው።

ሐኪሙ ያላትን እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሳይቋረጥ። ካቋረጠ በሽታው ተመልሶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱም ላይመልሰው ይችላል። «ያለኝ አንድ ወንድም ነው» አለች እናቴ። አባቴም ያንኑ ዕለት የእኔን ክፍል ለቀቀለት። እኔ ከነቦርሳዬ ወደ እነሱ ክፍል ተዛወርኩ። በሩ ላይ እንድቆም ተፈቅዶልኛል፤ ደፉን እንዳላልፍ ግን በእናቴ ስም ምያለሁ።

ዐሥራ ስምንት ቀን በደህና አለፈ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር ወደ ሆስፒታል ወርዶ መርፌውን ይወጋል፤ ሲመለስ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በሩ ላይ ከቆምኩት ከእኔ ጋር ይጫወታል።

«ምነው ትርንጎ፣ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ባለ ጉዳይ ደጃፍ ላይ ቆመሽ የምትውይ?»

«እማዬ እንዳትገቢ ብላኛለች።»

«እናትሽ ድሮም አዛዥ ናት። ልጅ ሳለች በሬውን ሳይቀር ተቀመጥ፣ ተነሥ ትለው ነበር።»

«ይታዘዛታል?»

«እኛስ ታዘን የለ!»

የአልጋው ራስጌ ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ጋር ገጥሞ በጌን ጋርዶት ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን እናቴ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው ብላ አልጋውን አዞረችው። በማግስቱ አጎቴ ለመርፌው አልተነሣም።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ግድግዳውን ያያል። ከግራ አራተኛውን።

«ወለቴ፣ ይህ እንጨት ከየት የመጣ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጣልያን ያስገባው ነው።»

«እኔ ግን አውቀዋለሁ። እጁን ያነሣበትንም ሰው አውቀዋለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እንጨቱ አሁንም እያየኝ ነው። ከሥሩ እንዴት ብዬ ልተኛ?»

ከደጃፉ ሸሸሁ። ከጓሮ ከቅል ሐረጉ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። እጁን ያነሣበት ሰው እኔ ነበርኩ። አጎቴ ዐውቆ፣ ጥፋቴን ላለመናገር ብሎ በውስጡ እየተቃጠለ መሰለኝ። ደግሞ በሽተኛ ያየው ጥፋት በሽታ ይሆንበታል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ያን ቀን አልበላም። በሁለተኛው ቀን አባቴ ገብቶ ሊያግባባው ሞከረ።

«አያ አላምረው፣ ግድግዳ እኮ ሰው አይበላም።»

«ይበላል ሐዲስ። አንተ ቀለም እየቀባህ ታበላዋለህ፤ እኔን ደግሞ ይበላኛል።»

«ተው እንጂ! መርፌውስ?»

«መርፌ የሳንባ ነው። የእኔ ከሳንባ አይደለም። ወደ አገሬ መልሱኝ።»

በሦስተኛው ቀን ጋቢውንና ዱላውን አሰናድቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቴና እናቴ ግቢ ውስጥ ቆመው ተጣሉ።

«ጣውላውን አነሣዋለሁ» አለች እናቴ።

«የቱን?»

«ሁሉንም። እንደ አባቴ ቤት በጭቃ እመርገዋለሁ።»

«ወለቴ፣ ከገጠር የወጣነው ከተማ ልንገባ ነው ወይስ ገጠሩን ልናስከትል? ያ ግድግዳ እኮ…»

«ግድግዳው ቢሞት ለቅሶ እንቀመጥለታለን?»

እኔ ግን አንዲት በግ ለማጥፋት አርባ አንድ ጣውላ መነሣቱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መጡ። ከአጎቴ ጋር ብቻቸውን ገቡና በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ሳል፣ ከዚያ ረጅም ሹክሹክታ፣ እንደገና ሳል ነው። ቄሱ ሲወጡ በሩን ክፍት ትተው፣ ሁላችንም እንድንሰማ መሰለኝ፣ ጮክ አሉ።

«እንጨቱ ወደ ደብሩ ይመለሳል። ይህ የቤቱ ድርሻ ነው። የአንተ ቀኖና ደግሞ መርፌው ነው። በየቀኑ ትሄዳለህ፣ ክንድህን ትሰጣለህ፣ የተሰጠህን ትበላለህ። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቀን ብታጓድል ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።»

«አባቴ፣ መርፌ ቀኖና ይሆናል?» አለ አጎቴ።

«ያማል ወይስ አያምም?»

«ያማል።»

«እንግዲያ ይሆናል» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ። እኔ መስቀሉን ስስም ዐይናቸውን ሸሸሁ። የእኔን ቀኖና የሚነግሩኝ መቼ እንደሆነ ብቻ ነበር የማስበው።

በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አጎቴ ራሱ ለእናቴ ነግሯት ነበር፤ እሷም ለእኔ። በጣልያን ጊዜ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ለመንገድ ሥራ እንጨት የሚቆርጡ ሰዎች ሲፈለጉ እሱም ገባ። የቆረጡት የመንደሩን የገብርኤልን ደን ነው። ከዚያ ደን ቅጠል የበጠሰ እንኳ በግዝት ታስሯል። እሱና አንድ ጓደኛው በመጨረሻው ቀን የጣሉት ትልቁን ጥድ ነው፤ ደወሉ በሰንሰለት የሚንጠለጠልበትን። ሰንሰለቱ ዛፉ ውስጥ ገብቶ ግንዱን አጥቁሮት ነበር። ጓደኛው በዓመቱ ሞተ። አጎቴ ለማንም ሳይናገር ሃያ ዓመት ከረመ። ሳል ሲጀምረው ምክንያቱን ከማንም በፊት ያወቀ እሱ ነው። ከዚያም ጎንደር መጥቶ፣ አልጋው ሲዞር፣ በቀይ ጣውላ ላይ የሰንሰለቱን ጥቁር ምልክት ከፊቱ አገኘው።

በነጋታው አናጢው ያሕያ ጉጠቱንና መዶሻውን ይዞ መጣ። አያ ያሕያ ሙያውን የለመደው ከጣልያን አናጢዎች ዘንድ ነው፤ ምናልባትም ያን ጣውላ ሲመታ የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ አባቴ በሐዘኔታ ያየው ነበር። ምስማሩ ሲነቀል እንደ ድመት ይጮኻል። ከጣውላው ጀርባ ድንጋይ፣ የሸረሪት ድር፣ የአይጥ ጎጆና የጣልያን ጋዜጣ ቁራጭ ወጣ። ሦስተኛውን እንደ ነቀለ ያሕያ ገልብጦ አየው፤ አሸተተው። እናቴን ወደ ግቢው ጠራት። ከእንጨት ክምሩ ወዲያ ሆኜ ሰማኋቸው።

«እትዬ ወለተሩፋኤል፣ ይህንን ነገር…»

«ዝቅ አድርገህ ተናገር።»

«ጀርባውን እዪው እንጂ። ወላሂ፣ እኔ ይህን…»

«አይቼዋለሁ። ሰው እንዳያየው። ፋቀው።»

«አርባ አንዱንም?»

«አርባ አንዱንም። ፋቅና በሰሌን ጠቅልልልኝ። በተለይ እሱ እንዳያይ።»

ያሕያ ራሱን እየነቀነቀ መላጊያውን አወጣ። ቀኑን ሙሉ ጣውላ አንድ በአንድ አስተኝቶ ሲልግ ዋለ፤ ፍቅፋቂው እንደ ጥምዝ ሪባን እግሩ ሥር ተከመረ። እኔ እናቴ ጥፋቴን ደርሳበት እየሸሸገችልኝ መሰለኝ። ያሕያ በጉ የትኛው ጣውላ ላይ እንዳለ ስላላወቀ ሁሉንም እየፋቀ ነው። ከዚያ በፊት እናቴን እንደዚያ ወድጃት አላውቅም።

የፋቀው ግን ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነበር። ይህን ያን ጊዜም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ማየትና መረዳት ግን ሁለት ሥራ ናቸው። ጀርባው ላይ በቀለም የተመታ የባሕር ማዶ ፊደልና ቁጥር ነበረበት፤ እንጨቱ ደግሞ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ነጭ ነው። ቅላቱ የቫርኒሹ ነበር።

አድጌ ሙያዬ እንጨት መለየት ሆነ፤ በአጉሊ መነጽር ሥር እያየሁ ስሙንና አገሩን እጽፋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ከዚያ ጣውላ አንድ ጠባብ የጠርዝ ቁራጭ ማስመሪያ አድርጌው አብሮኝ ኖሯል። አንድ ቀን ሥራ ቀለል ሲለኝ ከጫፉ ስስ ልጣጭ ቆርጬ አየሁት። የእኛ አገር ጥድ የሙጫ ቱቦ የለውም፤ ይህ ነበረው። ቀለበቶቹ ደግሞ ለወራት በረዶ በሚተኛበት አገር ያደገ ዛፍ ቀለበቶች ናቸው። የገብርኤልን ቅጥር አይቶት አያውቅም። ጥቁሩ እድፍ ዝገት ነው፤ ርጥበት ካገኘው ምስማር የወጣ።

ይህን ለእናቴ ለመንገር ጎንደር ድረስ ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ። ያሕያ በዚያው ቀን ነግሮኛል። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽ ይህን ለማወቅ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ጥዱን አልቆረጥኩም ሊል ነው? ቆርጧል። የቆረጠው የት እንደ ገባ እግዜር ይወቀው። ለመመለስ አንድ እንጨት ያስፈልገው ነበር፤ እኛ ዘንድ እንጨት ነበር።» አንድ ጠጠር አንሥታ ጣለች። «ቄሱም ቢሆኑ እንጨቱን ሊያድኑ አልመጡም።»

ወደ 1951 ልመለስ።

እናቴ ከጓሮ ቀይ አፈር አስቆፍራ ከጭድ ጋር አብኩታ ሦስት ቀን አብላላችው። ሁለታችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን በእግራችን ረገጥነው፤ ጭቃው በጣቶቻችን መካከል ሲወጣ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ድንጋዩን መረገችው፤ ሲደርቅ በእበትና በአመድ ለቀለቀችው። ከመስኮቱ ሥር መደብ ሠራች፤ ልክ እንደ አባቷ ቤት፤ ቁመቱን በስንዝሯ ለክታ። ጭቃው ሳይደርቅ ሁለት የበሬ ቀንድ ለጋቢና ለዱላ መስቀያ ግድግዳው ላይ ስትተክል ባየሁ ጊዜ ግን ከበሩ ሸሸሁ። ቀንድ! ጥፋቴን እድሜ ልኬን እንዳየው ያደረገችው መሰለኝ።

አባቴ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ያይና ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ መታው። ድምፅ አልሰጠም። በመዳፉ ዳሰሰው። «ሙቀት አለው» አለ ለራሱ።

አጎቴ በእነዚያ ቀናት ከጓሮው ማድ ቤት እያደረ መርፌውን አላጓደለም፤ ቀኖና ነውና። ሲበላ ግን ሦስት ጉርሻ አይሞላም። በስድስተኛው ቀን ወደ ተመረገው ክፍል አስገባነው። መደቡን ዳሰሰ፣ ግድግዳውን አሸተተ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እናቴ እፎይ ልትል ስትል ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«ሸጋ ነው፣ ወለቴ። እጅሽ ይባረክ። ግን አልሆነም።»

«ምኑ?»

«እንጨቱ ተነቅሏል። እላዩ ላይ የነበረው ግን አንድ ጊዜ አይቶኛል። ያየውን አይረሳም። የቄሱ ቃል አስሮ አቆየኝ እንጂ… ቅዳሜ ማኪናው እንጨቱን ሲወስድ አብሬ እሄዳለሁ። ሞቴ በአገሬ ይሁን።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ስታለቅስ አየኋት፤ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከእኔ የተነሣ ሊሄድ ነው። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ደፉን ተሻግሬ ገባሁ።

«አያ አላምረው፣ አትሂድ። እኔ ነኝ።»

«ውጪ አንቺ ልጅ! ምን ልሁን ብለሽ ነው የገባሽ?» አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በምስማር ነው የጫርኩት። አንተ ዐውቀህብኛል፤ እማዬም ዐውቃለች፤ ቄሱም ዐውቀዋል።»

«ምኑን?»

«በጉን።»

«የምን በግ?»

«ጣውላው ላይ። ከግራ አራተኛው። ጥቁሩ ፊቱ ነው። ቀንዱንና ዐይኑን እኔ ጨመርኩለት።»

ጋቢውን ከአፉ ቀስ ብሎ አወረደው።

«ቀንዱን… አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሁለቱንም ቀንድ?»

«ሁለቱንም። የግራው ትንሽ ጠምሞብኛል።»

«ዐይኑንም?»

«ዐይኑንም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ሊመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። በመጀመሪያ የመጣው እንደ ሳል ያለ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ጭንቅላቱን ወደ አዲሱ ግድግዳ ጣለ። አጎቴ ይስቅ ነበር። እየሳቀ ያስላል፣ እያሳለ ይስቃል፣ እጁን እያወናጨፈ በበሩ እንድወጣ ያመለክተኛል።

«እኔ እኮ…» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «እኔ እኮ ሰይጣን ነው ብዬ! ሊወስደኝ የመጣ ነው ብዬ! እሱ ለካ ሙክት ኖሯል!»

እናቴ ፊቷ ውኃ እየተንጠባጠበ ሮጣ መጣች። ከደፉ ወዲያ ሆኜ ስታየኝ ጆሮዬን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።

«ተያት፣ ተያት ወለቴ!» አለ አጎቴ ከውስጥ። «በጉን ያረባችው እሷ ናት!»

«የምን በግ ነው እናንተ?»

ልነግራት ጀመርኩ፤ እሱ ከውስጥ አቋረጠኝ። ቀንዱ የጠመመ እንደ ነበር፣ አንደኛው ዐይን ከሌላው እንደሚበልጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዐይን ለዐይን ተፋጠው እንደ ሰነበቱ ነገራት። እናቴ ጆሮዬን ለቀቀችው። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ጭቃ በነካው እጇ አፏን ይዛ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ሦስታችንን እንዲያ አገኘንና ጎረቤት ምን ይላል አለ።

ጆሮዬ ለሁለት ቀን ቀልቷል፤ ግን በቅጣት አልቆጠርኩትም። ሐኪም ቤት ወስደውም መረመሩኝ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነበር።

«ወለቴ» አለ አጎቴ ያን ማታ ከውስጥ፣ «ለመሆኑ በዚህ ቤት እራት የሚባል ነገር አለ?»

አንድ ሙሉ ትሪ ገብቶ ባዶ ትሪ ተመለሰ። እናቴ ባዶውን ትሪ በመብራቱ አጠገብ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው።

እንጨቱ ቅዳሜ ያለ እሱ ሄደ። ያሕያ ራሱ ማኪናው ላይ ጫነው፤ ለገብርኤል ቤተልሔም መስኮትና በር እንዲሆን።

በማግስቱ ጠዋት፣ እኛ ገና ሳንነሣ፣ ግቢው ውስጥ የዱላ ድምፅ ሰማን። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ የግቢው በር ላይ ቆሟል። አባቴ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ አጥልቆ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሐዲስ! ኧረ ሐዲስ!» አለ አጎቴ። «ፀሐይ ወጣች እኮ! የከተማ ሰው እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?»

መልሱን አልጠበቀም። መዝጊያውን ከፍቶ ቁልቁል ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመረ፤ አባቴ ሌላኛውን ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላው ሮጠ።